ባለ ሁለት ቀስቱ

መምህርቷ ከትምህርት ቤት ውጭ የታክሲ ረዳት እንኳ የሚያመናጭቃት ሴት ናት፤ ሰሌዳ ፊት ስትቆም ግን ቁመት ትጨምራለች። በተለይ የዛሬውን ትምህርት ስታስተምር አያድርስ ነው። አሲዶች ውሃ ውስጥ ሲገቡ ወደ አዮን እንዴት እንደሚከፈሉ በእኩልታ መጻፍ ለሌላው ሰው ራስ ምታት ነው፤ ለእሷ ግን ጨዋታ ነው። እጅጌዋን ሰበሰበችና የመጀመሪያውን ጻፈች።

HCl + H₂O → H₃O⁺ + Cl⁻

«ይሄ ብርቱ አሲድ ነው» አለች። «ውሃ ሲያገኝ ሃይድሮጅኑን አውጥቶ ይሰጣል፣ የሰጠውን መልሶ አይጠይቅም። ስለዚህ አንድ ቀስት። ሄደ፣ ቀረ።»

ከሥሩ ሁለተኛውን ጻፈች።

CH₃COOH + H₂O ⇌ H₃O⁺ + CH₃COO⁻

«ይሄ ደግሞ የሆምጣጤው ነው፤ ደካማ። በአንድ እጁ ይሰጣል፣ በሌላው ይቀበላል። ከመቶው አንዱ ቢከፈል ነው፤ የቀረው እንደ ተፈጠረ ውሃው ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ወዲያም ወዲህም፣ ሁለት ቀስት። ቀስት የተሳሳተ ሰው ነጥቡን ያጣል፤ ቢያለቅስም አልመልስለትም።»

«ነጥባችን ባለ አንድ ቀስት ነው ማለት ነዋ» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። በዚያ ቀን ከልቧ የሳቀችው ያኔ ብቻ ነበር።

ፊት ለፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለች፤ ጓደኞቿ ጠያቂዋ ይሏታል። በመጽሐፉ መልመጃ ላይ ጣቷን አሳርፋ፣ «ቲቸር፣ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድስ?» አለች።

«ጥሩ ጥያቄ» አለችና ዞራ መጻፍ ጀመረች። ኤች ኤፍ፣ መደመር፣ ውሃ። ወደ ቀኝ የሚሄደውን ቀስት ሳለች። ወደ ግራ የሚመለሰውን ልትስል እጇን ስታነሳ የትናንቱ ስልክ ትዝ አላት።

ትናንት የፈተና ወረቀት እያረመች ነበር። ታናሽ ወንድሟ ደወለ። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ቆልፋ ቀይ እስክሪብቶዋን ሳታስቀምጥ ነው የሰማችው። «እታለም፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ሃይድሮፍሎሪክ ስንት ቀስት ነው?» አላት። ቀና ሳትል «ሁለት» አለችው። «ተገላገልን» ብሎ ዘጋው። ትምህርቱን በአጭሩ ያቋረጠ ልጅ ያንን ረጅም ስም ሳይንተባተብ በመጥራቱ እንኳ ትንሽ ኮርታ ነበር። ከዚያ ወደ እርማቷ ተመለሰች፤ ነገሩንም ረሳችው።

መልሷ ስህተት አልነበረበትም። የትኛውም ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ ያሰጣል። ይህን እያሰበች ሰሌዳው ፊት ክው ብላ ቀረች።

«ቲቸር» አለች ጠያቂዋ፣ «ክሎሪንና ፍሎሪን ዘመዳሞች አይደሉም? የአንዱ አንድ ቀስት ሆኖ የሌላው ለምን ሁለት ሆነ?»

«ፍሎሪን ሃይድሮጅንን አጥብቆ ስለሚይዘው ነው» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። «ስለዚህ አብዛኛው ሳይከፈል፣ ሙሉውን እንዳለ…»

ከዚህ በኋላ ያለው መልመጃው ላይ የለም። ሳይከፈል የቀረው ሙሉ ቅንጣት ቆዳ አያግደውም። የተከፈለ አዮን ቢሆን በሩ ላይ ይጣላል፣ ያቃጥላል፣ ሰውየውም ጮሆ እጁን ይነጥቃል። ይሄኛው ግን ሰተት ብሎ ይገባል። ውስጥ ከገባ በኋላ ነው ቀስ እያለ የሚከፈለው። ያን ጊዜ ፍሎራይዱ ካልሲየም ፍለጋ ይሄዳል፤ ሥጋ ውስጥ፣ አጥንት ውስጥ፣ ደም ውስጥ። ልብ ደግሞ ያለ ካልሲየም አትመታም። ሲገባ አያምም፤ የሚያመው ቆይቶ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ፣ ልክ እንደዚያ።

ተማሪዎቹን ለክፍሉ አለቃ ትታ ወጣች። ቀስቱ ሳያልቅ ሰሌዳው ላይ ቀረ።

ኮሪደሩ ላይ ሆና ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ደወለች። ወንድሟ መስታወት ቤት አለው፤ መሞረጃው ማሽን ሲጮህ ስልክ እንደማይሰማ ታውቃለች፤ ግን የምታውቀው ነገር ሁሉ ዛሬ ከፍርሃት የሚያድናት አልሆነም። ሚስቱ ጋ ደወለች።

«ጎህ ሳይቀድ ነው የወጣው እትዬ» አለች የወንድሟ ሚስት፤ ሆዷ ገፍቶ ቤት ከዋለች ሰንብታለች፣ ስልክ ሲደወልላት ደስ ይላታል። «ያ ትልቁ ሥራ መጥቶለት የለ፣ የመታጠቢያ ቤቶቹ የመስታወት በሮች። በአሸዋ እየረጩ ማደብዘዙ ጊዜ ፈጀብኝ ብሎ አዲስ መድኃኒት ገዝቷል። መንከርና ማውጣት ብቻ ነው አለኝ። ምነው እትዬ፣ ድምፅሽ ደህና አይደለም?»

«ምንም» አለች መምህርቷ። የዚህ ቤተሰብ ችግር ይኸው ነው፤ «ምንም» የምትለው ቃል አፋቸው ላይ ትበዛለች።

የኮንትራት ታክሲ ያዘች። ሹፌሩ ስለ መንገድ መዘጋጋት ያማርራል፤ እሷ ደጋግማ ወንድሟ ጋ ትደውላለች። ጓንት አድርጎ ይሆናል፣ አለች ለራሷ። አዲስ ነገር ስለሆነ ይጠነቀቃል። ወዲያው ደግሞ የመስታወት ቤቱ ደንብ ትዝ አላት።

ደንቡ እንዲህ ነው። ድሮ አንድ ቀን ምሳ ይዛለት ሄዳ፣ የወንድሟ ሠራተኞች ምንም ካልተጻፈበት ጀሪካን ሲቀዱ አይታ ደነገጠች። የድሮ መስታወት ላይ የደረቀ ሲሚንቶ የሚያነሱበት ሃይድሮክሎሪክና የውሃ ጠባሳ የሚወለውሉበት ሆምጣጤ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ማሽተት ነው የሚለያቸው። ያን ቀን በመስታወት ስባሪ ላይ በማርከር እኩልታዎቹን ጽፋ አስተማረቻቸው፣ በየጀሪካኑም ላይ በቀለም ቀስት ሳለችላቸው፤ ለአንዱ አንድ፣ ለሌላው ሁለት። ወደዱት። እስከ ዛሬ ይጫወቱበታል። ዕቃ ተውሶ የማይመልስ ጎረቤት «ባለ አንድ ቀስት» ነው። ተቆጥቶ ቶሎ የሚበርድ ደግሞ «ባለ ሁለት»። ከጨዋታው ጋር ደንብ አወጡለት፤ ባለ አንድ ቀስት ከሆነ ጓንትና መነጽር፣ ባለ ሁለት ከሆነ በባዶ እጅ። ደንቡን ያወጡት እነሱ ናቸው። እሷም አይታ ዝም ብላለች፤ ባለ ሁለት ቀስት ጀሪካን ውስጥ ከሆምጣጤና ከሎሚ አሲድ በቀር ሌላ ነገር ገብቶ አያውቅም ነበርና።

ቀስቱ የሚናገረው አሲዱ ምን ያህል እንደሚከፈል ነው እንጂ ምን ያህል እንደሚገድል አይደለም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ያን ቀን ብትጨምረው ምን ነበረበት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ፤ ተመንጣሪው ግን እሷ አይደለችም።

መስታወት ቤቱ ደጃፍ ላይ የተደረደሩት መስታወቶች ከታክሲ ስትወርድ በየአቅጣጫው ያዟት። ግራ ስትል አንዲት የፈራች ሴት፣ ቀኝ ስትል ሌላ፣ ፊት ለፊት ግማሽ ፊቷ ብቻ። ከውስጥ ፉጨት ይሰማል። የወንድሟ ፉጨት ነው። ቢያንስ ቆሟል።

«እታለም! ምን እግር ጣለሽ?» አለ። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ጸጉሩ ላይ የመስታወት ብናኝ የማይጠፋ ሰው ነው። ልጅ እያለ ወድቆ ሲቆስል ስለማያለቅስ ሰፈሩ ብረቱ ብሎ ሰየመው፣ ስሙም ተጣብቆ ቀረ። ስሙን የሚወደው እሱ ብቻ ነው። አንዴ ከግንብ ወድቆ አንጓው ተሰብሮ፣ እናታቸው ልብስ ልታወልቅለት ስትነካው እስኪያቃስት ድረስ ብርድ ልብስ ውስጥ ደብቆት ሰንብቷል። አንጓው ዛሬም ትንሽ ጠመም ያለ ነው።

አዲሱ ጀሪካን ከግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ሁለት ቀይ ቀስቶች ተስለውበታል፣ አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ። በወንድሟ እጅ፣ ተጠንቅቆ፣ ከእሷ ቀስቶች አሳምሮ ነው የሳላቸው። አጠገቡ ጥልቅ የፕላስቲክ ገንዳ አለ።

«እዚህ ውስጥ እጅህን ከተሃል?» አለች።

«ሰላምታ የለም እንዴ?»

«ከተሃል ወይ አልከተትክም?»

ወንድሟ ትከሻውን ነቀነቀ። የመለሰላት ቆራጩ ነው፤ መስታወት በመቁረጥ ያረጀ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው። «ጠዋት አንዷ መስታወት ሾልካ ገንዳው ሥር ተኛችበት» አለ። «እጁን እስከ ክርኑ ከቶ አወጣት። ከዚያ በቧንቧ ለቅለቅ አድርጎ በጨርቅ ጠረገው። ባለ ሁለት አይደል እንዴ?»

«ስጠኝ እጅህን» አለችው ወንድሟን።

ሰጣት። ገለበጠችው። አልተላጠም፣ አላበጠም፣ አልጠቆረም። ጣቶቹ ጫፍ ላይ ቆዳው ትንሽ ነጣ ብሏል፤ ውሃ ውስጥ የዋለ እጅ ይመስላል፣ ሌላ ምንም የለበትም። ቁስል ብታይ ይሻላት ነበር። ምንም አለማየቷ ፍርሃቷን አባሰው።

«ያምሃል?»

«ምንም።»

«ትንሽም?»

«እታለም፣ ምንም። ይልቅ ተቀመጪ፣ ሻይ ይምጣልሽ፤ አንቺ ነሽ የታመምሽ የምትመስይው። ፈሪ ለእናቱ አሉ።»

ይህን እያለ የራሱን ሻይ ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። በግራ እጁ ነው ያነሳው። ይህ ሰው ከተወለደ ጀምሮ ሁሉን የሚሠራው በቀኙ ነው፤ ግራው በር እንኳ በወጉ አይከፍትም። ብርጭቆው ሲንቀጠቀጥና ሻዩ ሲፈስ አየችው፣ እሱም እንዳየችው አየ።

«ቧንቧውን ክፈትልኝ» አለችው ቆራጩን። «ሙሉውን። ጓንት አድርግ መጀመሪያ። ገንዳውን ማንም እንዳይነካው።»

የወንድሟን ክንድ ይዛ ከቧንቧው ሥር ከተተችው። የጋብቻ ቀለበቱን በሳሙና እያንሸራተተች አወጣችና ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ወንድሟ ይቀልዳል፤ ሲያጥቡኝ ደስ ይለኛል፣ ጸጉሬንም ጨምሪልኝ ይላል። እሷ አትሰማውም። ውሃው እየወረደ ሳለ ነገረችው፤ ሳይከፈል እንደሚገባ፣ ውስጥ እንደሚከፈል፣ ካልሲየሙን እንደሚያስር። አንደበቷ እየተሳሰረ ቢሆንም ትምህርቱን አሳጥራ፣ እንደ ልጅ አድርጋ ነገረችው።

«አንቺ ራስሽ ሁለት አልሽኝ እኮ» አለ፣ እየሳቀ።

«አዎ።»

ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ። ከዚያ በኋላ አልተከራከራትም። ቆራጩ መኪና ጠርቶ፣ ከጀሪካኑ ላይ የአሲዱ ስም የተጻፈበትን ወረቀት ልጦ በእጇ አስያዛት። ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ የመከራት የለም፤ እሷም ለራሷ አላለችውም፣ ቅጠሉ የሚበቃበት ጊዜ አልፏል ብላ ፈርታ ነበርና።

ድንገተኛ ክፍሉ ውስጥ ያገኟት ሐኪም ገና ወጣት ናት፤ ጸጉሯን በእስክሪብቶ ጠቅልላ አስራዋለች። መምህርቷ መንገዱን ሙሉ ስትለምን የመጣችው አንድ ነገር ነበር። ሐኪሟ እጁን አይታ እንድትስቅባት፣ «ምን አስጨነቀሽ፣ ሂዱ ወደ ቤታችሁ» ብላ እንድታሳፍራት። እስኪበቃት ድረስ ልታፍር ተዘጋጅታ ነበር። ሐኪሟ ግን ወረቀቱን አነበበች፣ «እስከ ክርን?» ብላ ጠየቀች፣ ከዚያም ወንበሯን ሳታስተካክል ብድግ አለች። ያን ጊዜ መምህርቷ ሐሞቷ ፈሰሰ።

አልጋ ላይ አስተኙት። ደረቱ ላይ ሽቦ ለጠፉለት፣ የልቡን ምት የሚያሳይ ማሽንም ጢት ጢት ማለት ጀመረ። ደም ቀዱለት። ነርሷ የካልሲየም ብልቃጦችን እየሰበረች ፈሳሹን ከውሃማ ቅባት ጋር በሳህን ላይ ለወሰችው፣ የቀዶ ሕክምና ጓንት ውስጥ ሞላችና እጁን አስገባችበት። ክንዱንም ቀብታ በፕላስቲክ ጠቀለለችው።

«የሕመም ማስታገሻ አልሰጥህም» አለችው ሐኪሟ። «ጨካኝ ሆኜ አይደለም። ካልሲየሙ መርዙን ያገኘበት ቦታ ሕመሙ ይቆማል። ያላገኘበት ቦታ ማመሙን ይቀጥላል። ስለዚህ የት ልወጋህ እንደሚገባኝ የሚነግረኝ ሕመምህ ነው። ማሽኑ ልብህን ያሳየኛል፤ የደሙ ውጤት ዘግይቶ ይደርሳል፣ ደርሶም የጣትህን አይነግረኝም። ገባህ? ሳያቆም አቆመ ካልከኝ እኔም አቆማለሁ። መርዙ ግን ውስጥ ውስጡን ይሄዳል፤ ጣትህን ያሳጣሃል፣ ከባሰም…» ወደ ማሽኑ አየች። «አሁን ምን ያህል ያምሃል?»

«ትንሽ ይሰማኛል» አለ ብረቱ። «ያን ያህል አይደለም።»

መምህርቷ ዓይኗን ጨፈነች። ከሰው ሁሉ መርጠው ይህን ነገር የሚጠይቁት እሱን ነው። በሕይወቱ አንድ ቀን አመመኝ ብሎ የማያውቅ ሰው ሕይወቱ «አመመኝ» በማለቱ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ ለሌላው ሰው ምክር ነው፣ ለዚህ ግን ፍርድ ሆነበት።

ሚስቱ ቆራጩ ነግሯት ደረሰች። አንድ እጇን ሆዷ ላይ፣ አንዱን አፏ ላይ አድርጋ አልጋው ሥር ቆመች። «ምን ሆንክብኝ?» አለች።

«ምንም አልሆንኩም። እታለም ናት ያጋነነችው። እዪ፣ ቅባት ነው የቀቡኝ፤ የሴት እጅ ሆኖ ሊወጣ ነው።»

ሚስቱ እያለቀሰች ሳቀች። ሐኪሟ ተመልሳ መጣችና፣ «አሁንስ?» አለች።

«ተሻለኝ» አለ። «ጠፍቷል ማለት ይቻላል።»

«ተመስገን» አለች ሚስቱ።

«ጥሩ ነው» አለች ሐኪሟ፤ በወረቀቷ ላይ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን ከጸጉሯ ነቀለች።

መምህርቷ ፊቱን አይደለም የምታየው። ፊቱ ከልጅነቱ ጀምሮ የሠለጠነ ውሸታም ነው። ከብርድ ልብሱ ጫፍ የወጡትን እግሮቹን ነው የምታየው። የእግሩ ጣቶች ተኮማትረው፣ አንዱ በሌላው ላይ ወጥቶ፣ አንሶላውን ቆንጥጠው ይዘዋል። ከላይኛው ከንፈሩም በላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ዶክተር፣ አይጻፉት» አለች። «ትንሽ ብቻችንን ተዉን። አንቺም ውጪልኝ የኔ እህት፣ ለትንሽ ጊዜ።»

ሐኪሟ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየችና የሚስቱን ክንድ ይዛ ወጣች። መጋረጃው ተዘጋ። ጢት ጢት የሚለው ብቻ ቀረ።

«ለምን ትዋሻለህ?» አለችው።

በግራ እጁ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ።

«ያለችህን ሰምተሃል። ዝም ስትል ማንን ነው የምትጎዳው?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሚስትህን እንዳታስደነግጥ ነው? ይኸው ወጣች። ልጅህ ሳይወለድ አባቱን ሊያጣ ነው፤ እሱስ አያስደነግጣትም?»

«እሷ አይደለችም» አለ። ጣራውን ነው የሚያየው። ቃላቱን እንደ መስታወት ስባሪ እየተጠነቀቀ አንድ በአንድ አወጣቸው። «ስንት ቀስት ነው ብዬ የጠየቅኩት አንቺን ነው። ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌው ነበር፤ ቆራጩም ሰምቷል፣ ሁሉም ሰምተዋል። ሚስቴም ታውቃለች። እጄ ቢቆረጥ ወይ የምሆነውን ብሆን፣ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። ሰውስ ይበል። አንቺ ለራስሽ የምትዪውን ነው የፈራሁት። ዕድሜሽን ሙሉ ትዪዋለሽ፣ አውቅሻለሁ። ስለዚህ… አላመመኝም። ካላመመኝ ምንም አልተፈጠረም፣ አንቺም ምንም አላልሽኝም።»

መምህርቷ ወንበሩን ፈልጋ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ የፈራችው ሞቱን ነበር። አሁን ደግሞ የሚሞተው ለእሷ ሲል ሊሆን ነው፤ ይህን ስታስበው ፍርሃቷ ቁጣ ሆኖ ወጣ።

«ስማኝ» አለች። ክፍል ውስጥ የምትናገርበት ድምፅዋ ነው የመጣላት፣ ያ ቁመት የሚጨምርላት። «ሁለት ነው ያልኩህ፤ ሁለት ነው። የቀረውን አልነገርኩህም። እሱ የእኔ ነው፣ ተሸክሜዋለሁም። አንተ ልትሸከምልኝ አትችልም። ጣትህን ብታጣ እሸከመዋለሁ። ብትሞትብኝ ግን አልችለውም፤ እኔን ከወቀሳ ለማዳን ብለህ ብትሞት ደግሞ እጥፍ አድርገህ ጭነህብኝ ነው የምትሄደው። ለእኔ ብለህ ከሆነ ዝም ያልከው፣ ለእኔ ብለህ ጩኽ።»

ወንድሟ ዞሮ አያት። አገጩ ተንቀጠቀጠ፤ ይህን አገጭ ሲንቀጠቀጥ አይታው አታውቅም።

«ያመኛል» አለ፣ በሹክሹክታ።

«ጮክ በል።»

«ያመኛል እታለም። ጥፍሬ ሥር… በምስማር የሚወጉኝ ነው የሚመስለው። አጥንቴ ውስጥ ነው። ያመኛል።» ከዚያ በኋላ ቃል አልነበረም። ጮኸ። የዘገየው ለቅሶ ሁሉ፣ የአንጓውም የሁሉም፣ በአንድ ላይ የወጣ መሰላት። መጋረጃው ተከፈተ፣ ሐኪሟ እየሮጠች ገባች፣ ሚስቱም ከኋላዋ።

«የቱ ጋ ነው?» አለች ሐኪሟ።

«አምስቱም» አለ እያለቀሰ፣ ሚስቱ ፊት። «መዳፌም።»

ጓንቱን አውልቀው መውጋት ጀመሩ። ቀጭን መርፌ ነው፤ ከጥፍሩ ጎን፣ ከጣቶቹ መገጣጠሚያ፣ ከመዳፉ። እያንዳንዱ ሲገባ ያቃስታል፣ ሐኪሟ ትጠብቃለች፣ «አሁንስ?» ትላለች፣ እሱም «ያመኛል» ይላል፣ ሌላ ብልቃጥ ይሰበራል። መምህርቷ ግራ እጁን ይዛለች። ሚስቱ ራሱን ይዛለች። አንዴ ማሽኑ ጢት ጢቱን አፈጠነና ሐኪሟ ቀና አለች፣ ነርሷም በክንዱ ደም ሥር በኩል ሌላ ካልሲየም ቀስ አድርጋ ሰደደች። በዚያ መካከል ማንም አልተናገረም። መምህርቷ የምታውቃቸውን እኩልታዎች ሁሉ ረስታ፣ አንዲት ካልሲየም አንዲት ፍሎራይድ እንድታገኝ ብቻ ትለምን ነበር።

ምቱ ተመለሰ። ሐኪሟ መውጋቷን ቀጠለች፣ መጠየቋንም። መስኮቱ ላይ የነበረው ፀሐይ ወደ ግድግዳው ዞሯል።

«አሁንስ?»

ብረቱ መልስ ለመስጠት ቆየ። ከንፈሩን አረጠበ። ዓይኑ ከሐኪሟ ወደ ሚስቱ፣ ከሚስቱ ወደ እህቱ ሄደ።

«ቀለለኝ» አለ።

ሚስቱ አፏን ከፍታ ነበር፤ ተመስገን ልትል ነው፣ ግን መልሳ ዘጋችው። ሁሉም ሲጠብቋት የዋሏት ቃል ይህቺ ናት፤ ከእሱ አፍ ስትወጣ ደግሞ ማንም የማያምናት ቃል ይህቺው ናት። ሐኪሟ እሱን አላየችም። መርፌዋን በአየር ላይ እንደያዘች ወደ መምህርቷ ዞረች፤ እውነቱን ነው ወይ እንደ ማለት። መምህርቷ ወደ እግሩ ጣቶች አየች። ተዘርግተዋል። ደክመው ሊሆን ይችላል። ወደ ፊቱ አየች፤ ያንን ፊት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስታነበው ኖራ አሁን ምንም አልተነበበላትም። እወቂ ቢሏት አታውቅም። ዝም ካለች ሐኪሟ ታቆማለች። አይደለም ካለች ጤነኛውን ጣት ልታስወጋው ነው።

ወንድሟ ጭንቀቷን አየው።

«ትንሿ ጣቴ ግን ገና ናት» አለ። «እሷ ታመኛለች።»

ያን ጊዜ ስለ ሌሎቹ አራቱ አመነችው። አንገቷን ለሐኪሟ ነቀነቀች፣ ሐኪሟም ጎንበስ ብላ ትንሿን ጣት ያዘች።